ሚስማር ላይ የሰቀልኸው የማሽላ ዘር

ገዳሪፍ፣ ጥር 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ውድ ረዳ፤

መልእክተኛህ አባይ ደርሷል። የላክኸውን ጨርቅ በእጄ ሰጥቶኛል፤ ቋጠሮውን ሳየው የማን እንደ ሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከነገ ወዲያ ጧት ተመልሶ ድንበር ስለሚሻገር ይህችን ወረቀት ይዞልህ ይመጣል። ፊደሌ ጠማማ ነው። የተማርሁት ከሳሙና ካርቶንና ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ መሆኑን ታውቃለህ። ማንበብ ካቃተህ አባይ ያንብብልህ፤ ሰው በሌለበት ግን ይሁን።

እንደ ሰው ወግ ስለ ጤናህ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ ጠይቄ ቀስ ብዬ ወደ ነገሬ ብገባ ደግ ነበር። አልችልበትም። ስልሳ አራት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ሰው ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም። ድሮ ይህን የምናገረው እየፎከርሁ ነበር። አሁን የምነግርህ ሰው አንድ እግሩ አጭር መሆኑን እንደሚናገረው ነው። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምረው። ግማሹን አብረን አይተነዋል፤ ግማሹን ግን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

ካርታ ላስተምርህ የፈለግሁት ለምን እንደ ነበር ነግሬህ አላውቅም። አዝኜልህ አልነበረም።

ባለፈው ዓመት በጥር ነው። ከቁረይሻ እርሻዎች ማሽላ ስታጭድ ከርመህ፣ ሥራው ሲያልቅ እዚህ እህል ገበያ ጆንያ ተሸካሚ ሆነህ ነበር። ባለቤትህና ልጅህ ሣህሊቱ ከስደተኞቹ ካምፕ ነበሩ። ገዳሪፍ ራሷ ዝናብ የከዳት ዓመት ስለ ነበር ማሽላ እንደ ወርቅ ይጠበቃል። እኔ ያኔም እንዳሁኑ ከበድሩ ሻይ ቤት ጓሮ ባለችው ክፍል ነው የምኖረው። ቀትር ላይ በድሩ ሶላቱን ሰግዶ ሲመለስ፣ ፀሐዩም ገበያተኛውን ሲበትነው፣ እኛ ከዳሱ ሥር ምንጣፍ ዘርግተን ፖከር እንቀመጣለን። ቁማር ጅራፍ የሚያስገርፍ ሕግ ከወጣ ወዲህ በገንዘብ መጫወት ቀርቶ ነበር፤ መያዣው ማሽላ ሆነ። አንድ የተምር ፍሬ አንድ መልዋ ነው፤ ያ የገበያው የቆርቆሮ መስፈሪያ። ፖሊስ ድንገት ቢገባ የሚያየው ተምር በልተው ፍሬውን ከፊታቸው ያስቀመጡ ሰዎችን ነው። በድሩ «እኔ ቤት ቁማር የለም፤ ደንበኞቼ ተምር ይወዳሉ» ይል እንደ ነበር ታስታውሳለህ።

ከካምፑ በየቀኑ ሬሳ እየወጣ እኛ ማሽላ እናስይዝ ነበር። አሁን ስጽፈው እጄ ይከብደኛል። ያን ጊዜ አልከበደኝም።

ያን ዕለት ጆንያህን አውርደህ የሻይ ቤቱ አብሳይ ጠይባ ውሃ ሰጥታህ ቆመህ ስትጠጣ፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ ባፈና ከፊትህ ተቀምጦ ነበር። እንደ ልማዱ አፉ አላርፍ ብሎት ካርታውን ወደ ኋላ ገለጥ አድርጎ አሳየህ። «ወንድሜ፣ አንተ ብትሆን ይኼን ይዘህ ትቀመጣለህ ወይስ ትሸሻለህ?» አለህ። አንተ አየኸው፤ ጣሳህን ለጠይባ መለስህ፤ አፍህን ጠረግህ። እኔ ደግሞ የባፈናን ካርታ ከአንተ ፊት ላይ ላነብ ዓይኔን ተክዬብህ ነበር። ወጣት ሳለሁ አንድ የግሪክ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ስላላክ ከበሩ ሥር ቆሜ የጀመርሁት ትምህርት ነው፤ ከአርባ ዓመት በላይ የሰው ፊት አንብቤያለሁ። አንተ ፊት ላይ አንዲት ፊደል አጣሁ። ካርታዬን ጣልሁ። ባፈና የማይረባ ካርታውን ገልጦ አሳየኝና ሳቀብኝ።

በልቤ «ይህን ሰው ሌላ ሳይቀድመኝ» አልሁ። ይኸው ነው። ሰው ፈረስ እንደሚመኝ ነው የተመኘሁህ።

«ካርታ ታውቃለህ?» አልሁህ።

«አላውቅም፣ አያ።»

«ላስተምርህ?»

«ጆንያው ይቀለኛል።»

ጠይባ ከምድጃው ሥር ሆና፣ «ልክ ነህ! አጎታችን ዓም ገሠሠ ከጆንያ ይከብዳል» ብላ በሳቅ ሞተች። አንተ ግን በሦስተኛው ቀን ተመልሰህ መጣህ። «ክረምት ሳይገባ አገሬ ገብቼ ማረስ አለብኝ። ለመንገድና እስከ አዝመራ የሚያደርስ አንድ ጆንያ እህል ይበቃኛል። ከዚያ በላይ አንዲት ፍሬ አልጫወትም» አልኸኝ። ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም የደብተሬ አንደኛው ሕግ ይኸው ነበር፦ ከመቀመጥህ በፊት የምትነሣበትን ተናገር።

ደብተሬን ታውቀዋለህ። አሥራ ሰባት የካርታ ሕግ። ሁሉንም በሽንፈት ገዝቻቸዋለሁ። ሦስት ሳምንት ካርታ ሳላስነካህ አጠገቤ አስቀመጥሁህ። ካርታ ማወቅ የሳምንት ሥራ ነው፤ የሚያጫውተው ግን የሰው ፊት ነው። ባፈና ጥሩ ካርታ ሲገባለት ዝም እንደሚል፣ መጥፎ ሲገባለት እንደሚቀልድ ራስህ ደረስህበት። ካርታህን ከማንሣትህ በፊት ሦስት ጊዜ ተንፍስ አልሁህ፤ ሰዎቹ የየራሳቸውን ካርታ ሲያነሡ ማየት የሚቻለው ያን ጊዜ ነው። ቁጣ ካርታህን ገልብጦ ለሰው ያሳያል አልሁህ። በትክክል ተጫውተህ ብትሸነፍ አጠፋሁ አትበል፣ በስሕተት ብታሸንፍም አወቅሁ አትበል፤ ዕድልን እንደ ዝናብ ተወው፣ አንተ እርሻህን እይ አልሁህ። በዚህኛው ብቻ ነው ፈገግ ያልኸው። «ይኼን እንኳ አባቴም ይለው ነበር» አልኸኝ።

ሌላው ያስያዘውን ያህል አስይዘህ ካርታውን ለማየት ስትደፍር «ልይ» ትላለህ፤ ካልደፈርህ ትጥላለህ። «ከሁለቱ አንዱን ስታደርግ ድምፅህ አይለወጥ» ብዬ ስንት ቀን እንዳለማመድሁህ! ጠይባ «ሰውየው ቅዳሴ ተማረ» እያለች ታሾፍብን ነበር።

ዘጠነኛውን ሕግ ግን ከሁሉ አጥብቄ ነው የያዝሁት፦ ተርበህ አትቀመጥ። የተራበ ሰው ይቸኩላል፣ የተራበ ሰው ትንሿን ካርታ ትልቅ አድርጎ ያያል። ስለዚህ በየቀኑ ከመቀመጥህ በፊት «በልተሃል?» እልሃለሁ። «በልቻለሁ» ትለኛለህ። ጠይባ ኪስራ፣ ያን ስስ የማሽላ እንጀራ፣ ስታቀርብ የድርሻህን አጣጥፈህ በኪስህ ትከታለህ። «ለኋላ ነው» ትላለህ። እኔም ዓይንህን አይቼ፣ እውነት ነው ብዬ፣ «ተቀመጥ» እላለሁ። ሦስት ወር ሙሉ።

በመጋቢት ማሸነፍ ጀመርህ። ጥቂት በጥቂት፤ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ጉንዳን። የተናገርኸው ሰዓት ሲደርስ እያሸነፍህም ቢሆን ትነሣለህ። ባፈና «ምነው፣ ሚስትህ ጠራችህ እንዴ?» ሲልህ፣ «አዎ፤ ድምፅዋ ከካምፕ ድረስ ይሰማል» ብለህ ሁሉንም አሳቅኸው። እኔ አልሳቅሁም፤ ኮርቼ ነበር። በአንተ ሳይሆን በደብተሬ።

በዚያው ወር ነው ከረጢቷን ያመጣህልኝ። ሁለት መልዋ አትሞላም፤ ከሕፃን ራስ ብዙ አትበልጥም። ከክፍሌ ግድግዳ ላይ ካለው ሚስማር ራስህ ሰቀልሃት። «የአባቴ ማሽላ ነው» አልኸኝ። «የዚህ አገር ማሽላ እኛ ጋ ቢዘራ ሳይደርስ ብርድ ይመታዋል። ይኼኛው ዝናብ ቢያጥርም ቶሎ ይደርሳል። በቀበሌያችን ያለው ዘር ተበልቶ አልቋል፤ የቀረው ይኼ ነው።» ከዚያ ሳልጠይቅህ ነገርኸኝ። ትንሹ ልጅህ በመንገድ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን በረኀብ እንደ ቀረ። እናቱ ያን ዕለት ከረጢቷን እንዳየች፣ ከዚያ አንተን እንዳየች፣ ምንም እንዳላለች። አንተም ከረጢቷን እንዳልፈታሃት።

«አሁን ግን እጄ እየደከመ ነው፣ አያ ገሠሠ» አልኸኝ። «የካምፑ ሕፃናት ከረጢቷን አይተዋታል። እንቢ ማለት የሚያቅተኝ ቀን ይመጣል። እርስዎ እንቢ ማለት ያውቃሉ።»

በሕይወቴ ከተባልሁት ሁሉ ይህ ትልቁ ምስጋና ነበር። እንደ ሹመት ነው የተቀበልሁት።

አሁን ወደ ሚያዝያ ሃያ ሁለት እመጣለሁ። ጆንያህ ሞልቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወደ አገር ቤት ሰው የሚያጓጉዝ መኪና ይነሣል ተብሎ ለባለቤትህ ልትነግር ጧት ካምፕ ሄደሃል። ባፈና ከኸሽም ኤል ቂርባ እህል አራግፎ መጣ፤ ሁለት ለሁለት ተቀመጥን፤ በድሩ ካርታ ሰጪ ሆነ። ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈኝ። ሦስቱንም በትክክል ተጫውቻለሁ፤ ዕድል ነው። እንዲህ ሲሆን መነሣት እንዳለብኝ ጽፌዋለሁ፤ አምስተኛው ሕግ ነው።

ባፈና ግን፣ «ዓም ገሠሠ፣ አሁን ስንተኛው ሕግ ላይ ነው ያለነው?» አለኝ።

የቀረችኝን ፍሬ ቆጠርሁ። እሱ ግን ቀጠለ።

«ያን ደብተር ለጠይባ ፍየል ስጣት። ቢያንስ ወተት ትሰጥሃለች። ለአንተ እንደሆነ ምንም አልሰጠህ!»

በድሩ ሳቀ። ጠይባም ሳቀች። ሌላ ቀን ቢሆን ምንም አልነበረም። ያን ዕለት ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። «ስጥ» አልሁት በድሩን። ሦስት ንጉሥ ገባልኝ። የቀረኝን የተምር ፍሬ ሁሉ አስያዝሁ። ባፈና እሱኑ ያህል አስይዞ ጨመረ። እህል አልቆብኛል። ካርታዬን ጥዬ መነሣት ነበረብኝ። ሦስት ንጉሥ ይዤ? ለዚህ አፈኛ? ወደ ክፍሌ ገባሁ፣ ከሚስማሩ ላይ ከረጢትህን አወረድሁ፣ ምንጣፉ ላይ አኖርሁ። «ልይ» አልሁ።

የባፈና ካርታ አምስቱም ቀይ ልብ ነበሩ፤ ሦስት ንጉሥን ይበልጣሉ።

እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለራሴ «ሦስት ንጉሥ ይዞ የማያይ የለም፤ በትክክል ተጫውቼ ተሸነፍሁ» ስል ከርሜያለሁ። ውሸት ነው። የራሴ ባልሆነ ነገር በትክክል መጫወት የሚባል የለም።

ቀጥሎ የሆነውን አንተ አላየህም። ባፈና ከረጢቷን ፈታ አድርጎ እጁን ከተተና ደነገጠ። የገበሬ ልጅ ነው። «ይኼማ ዘር ነው! ዘር መያዣ ይሆናል እንዴ፣ ዓም ገሠሠ? ውሰድ፣ ውሰድ። ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ እኔ አልፈልገውም። ኃጢአት ነው» ብሎ ወደ እኔ ገፋት። ረዳ፣ ልብ አድርግ፤ ጉልበቴ ሥር ነበረች። እጄን ብዘረጋ አልቆ ነበር።

«በጨዋታ የሄደ በጨዋታ ይመለሳል» አልሁት። «ከአንተ ምጽዋት አልቀበልም።»

በድሩ «ዓም ገሠሠ፣ አላህን ፍራ! ሰውየው በደግነት ነው» አለ።

«እንቢ» አልሁ።

እንቢ ማለት አውቃለሁ እኮ።

ባፈና ፊቱ ጠቆረ። «ምጽዋት? እኔ ላንተ መጽዋች ሆንሁ? ኸላስ፣ በቃ። በጨዋታ ውሰዳት» ብሎ ከጉልበቱ ሥር አደረጋት። እኔ የማስይዘው አንዲት ፍሬ የለኝም። አንተ የገባኸው ያን ጊዜ ነው።

በሩ ላይ ቆምህ። ከረጢቷን አየህ። እኔን አየህ። እኔም የምትለውን ጠበቅሁ። «የእኔ ናት» ብትል ባፈና ዓይኑን ሳያሽ ይመልስልህ ነበር፤ የአንተ መሆኗን አያውቅም። ግን ያን ካልህ፣ ገሠሠ የአደራ ዘር አስይዞ ተበላ የሚለው ወሬ ከማታው በፊት እህል ገበያውን ይሞላዋል። አንተም ይህን አወቅህ፤ እኔም ማወቅህን አወቅሁ። እውነቱን ተናግሬ ልገላግልህ ስችል አፌን ዘጋሁ። የደብዳቤው ነገር ይህ ነው። ዘሩን ማስያዜን ቁጣ ነው ልበል፤ ዝምታዬን ግን ቁጣ አላመጣውም።

አንተ ጫማህን አወለቅህ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥህ። «ባፈና፣ እኔ ብጫወት ይፈቀዳል?» አልኸው።

«ለዚች ጭብጥ እህል?»

«ዶሮ አለኝ» አልህ። ዶሮ አልነበረህም። ሁሉም ሳቀ።

እሱ ከረጢቷን፣ አንተ አምስት የተምር ፍሬ አስያዛችሁ። በድሩ ሰጠ። ሦስት ጊዜ ተነፈስህ። እኔ ከጀርባህ ቆሜ ነበር፤ ካርታህን አየሁት። ሁለት፣ አምስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ፣ አንድ ወታደር። አንዱ ካንዱ አይዛመድም። ባፈና አንድ ካርታ ለወጠ። በድሩ «አንተስ?» ሲልህ፣ «ይበቃኛል፤ አልለውጥም» አልህ። ከዚያ የቀረውን ፍሬ በሙሉ፣ ጆንያውን በሙሉ፣ የመንገዱንና የክረምቱን ስንቅ በሙሉ ገፋህ።

ባፈና መቀለድ ጀምሮ ነበር፤ አቋረጠ። ካርታህን ለማየት እሱም አንድ ጆንያ ማስያዝ አለበት፤ ደግሞ ሀብታም አይደለም፣ የሚከፈለው በእህል ነው፣ አምስት ልጅ አለው። ፊትህን መረመረ። ሲያቅተው የእኔን አየ። ፊቴ እንደሚከዳኝ ስላወቅሁ የጫማዬን ማሰሪያ ለማሰር ጎንበስ አልሁ። ጫማዬ ማሰሪያ አልነበረውም።

በዚያ መሐል ጠይባ ኪስራውን በሙላሕ ወጥ ይዛ መጣች። ባፈና ዓይኑን ሳይነቅልብህ፣ «ብላ እንጂ» አለህ።

«በልቻለሁ» አልኸው። «አንተ ብላ፤ አልቸኩልም።»

ድምፅህ ያው ነበር። ባፈና፣ «የጠገበ ሰው ነው፤ ይኼ ሰውዬ ሞልቶለታል» ብሎ ካርታውን ጣለ። ከረጢቷን ሰጠህ። አንተም ተቀብለህ፣ ቋጠሮዋን አጥብቀህ፣ በሁሉ ፊት ለእኔ ሰጠኸኝ። «አያ ገሠሠ፣ ሚስማርዎ ላይ ይስቀሉልኝ» አልህ። የእኔ አስመስለህ። እንደ ገና አደራ።

ማታ ጆንያህን ስንሰፋ ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ የጠየቅሁህ ሌላ ነው። «እንዴት ቻልኸው? ከኔ የተማርኸው ይህን ያህል አይደለም» አልሁህ። መርፌውን ሳታቆም መለስህልኝ። ቃሉን እንዳለ አስታውሰዋለሁ፦

«ስንመጣ አሥራ አምስት ቀን ተጉዘናል። ማታ ማታ አንዲት ቂጣ ነበረችን። ሣህሊቱ አባቷ ሳይበላ አትበላም። ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። በልቻለሁ እላታለሁ። ውሸት መሆኑን ካወቀች ቂጣዋን ለእኔ ትገምሳለች። የተራበ ልጅ እንዴት እንደሚመረምር አያውቁም፣ አያ ገሠሠ። አሥራ አምስት ማታ እሷን አሳምኛለሁ። ባፈና ምን ዓይን አለው?»

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሣህሊቱን እያሰብሁ ብቻ አልነበረም። ሦስት ወር በየቀኑ «በልተሃል?» ያልሁህ ትዝ እያለኝ ነው። ኪስህ የገባው ኪስራ ሁሉ ወዴት ይሄድ እንደ ነበር የገባኝ ያኔ ነው። ፊት አነባለሁ ባዩ ሰውዬ፣ በየቀትሩ የተራበ ሰው አስቀምጦ ስለ ረኀብ አደጋ ሲያስተምር ከርሟል።

መኪናው የተነሣ ዕለት ልሸኝህ መጣሁ። ባለቤትህ ጆንያው ላይ ተቀምጣለች፤ ሣህሊቱ ከረጢቷን አቅፋለች። በኪሴ ሁለት ዳቦ ይዤ ነበር። ከጧት ጀምሮ የምናገረውን ሳጠና ነበር። ስደርስ ግን የወጣልኝ ያው የጥንቱ ነው። «በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

አወቅሁ። ያን ቀን ዓይንህ ላይ ምንም አልነበረም፤ እኔ ግን አወቅሁ። ዳቦውን ባወጣው ዳቦው ብቻውን አይወጣም ነበር፤ ሌላውም ነገር ተከትሎ ይወጣል። ፈራሁ። «እሺ፤ በሰላም ግባ» አልሁህ። መኪናው ሄደ። ዳቦውን ይዤ እስከ ገበያ ተመለስሁ፤ ለማን እንደ ሰጠሁት አላስታውስም።

ይኸው ዘጠኝ ወር።

ባለፈው ሳምንት አባይ ያችኑ የጨርቅ ከረጢት፣ ያንኑ ቋጠሮ አምጥቶ በእጄ ሰጠኝ። ሳልፈታው ወደ ሚስማሩ ሄድሁ። አባይ «ቆይ» አለኝ። «ረዳ ተናግሯል። ይህ ዘር አይደለም በላቸው፣ እህል ነው፤ እንዳይሰቅሉት፣ ይብሉት ብሏል። ዘሩ ጎተራ ገብቷል፤ ለጎረቤትም ተርፏል።»

ከረጢቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ።

ከዚያ ጠይባን ጠርቼ ሰጠኋት። ፈጭታ ገንፎ አደረገችው። በድሩን ጠራሁ፤ ባፈና መኪናውን ሲያራግፍ ነበር፣ እሱንም አስጠራሁ። ሁሉም ከትሪው ዙሪያ ሲቀመጡ፣ እጃቸውን ከመስደዳቸው በፊት ነገርኋቸው። ከረጢቷ የማን እንደ ነበረች፣ ማን በአደራ እንደ ሰጠኝ፣ ለምን ዝም እንዳልሁ። ስለ ትንሹ ልጅህም ነገርኋቸው። እያንዳንዱ ቃል የወፍጮ ድንጋይ ያህል ነበር። ጠይባ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። በድሩ መሬት መሬት አየ።

ባፈና ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቃለህ። በመጨረሻ፣ «ታዲያ ካርታው ምን ነበር?» አለኝ።

«ባዶ» አልሁት። «ሁለት፣ አምስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝና ወታደር።»

«በልቻለሁ ያለኝስ?»

«እሱም ባዶ።»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ሰውየውን ብላ ብዬው ነበር እኮ» አለ። «ደግሜ ብላ ባልሁት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ቅድም ይህን ስታወራ ድምፅህ ተንቀጠቀጠ። ስንተኛው ሕግ ነው የሚከለክለው?» አለኝ። ጠይባ በእንባዋ መሐል ሳቀች። ገንፎውን በላነው። ማሽላህ ጣፋጭ ነው። ከሌላው ቀላ ይላል፤ ከጥርስ ሥር ይቆያል።

በማግሥቱ ወሬው ገበያውን ሞላው፤ አንድ ተሸካሚ እንኳ «አባባ፣ ጆንያዬን አደራ ልልዎት እፈራለሁ» ብሎኛል። ልክ ነው።

ካርታውን አልተውሁም፤ ውሸት አልነግርህም። ቀትር ላይ እንቀመጣለን። የተምር ፍሬው ግን አሁን የተምር ፍሬ ብቻ ነው። ደብተሬ እንዳለ ነው፤ ዘጠነኛው ሕግ ሥር ብቻ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፦ «ጠይቀህ መልሱን አትመን፤ አቅርብ።»

ረዳ፣ በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ። ይህችን ሁለት ቃል ለመጻፍ ስንት ገጽ እንደ ፈጀሁ እያየህ ነው።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። አባይ የያዘው ቀይ ሻሽ የሣህሊቱ ነው፤ ባፈና የላከው ደግሞ ከሻሹ ውስጥ አለ፣ ምን እንደ ሆነ እኔም አላየሁም፣ እንዳታይ ብሎኛል።

ከመጪው አዝመራ በኋላ እግሬ ከቻለ እኔ እመጣለሁ፤ ካልቻለ አንተ ና። ማን ማን ጋ እንደሚመጣ እግዚአብሔር ያውቃል። ብቻ በሩ ላይ እንደ ልማዴ «በልተሃል?» እልሃለሁ። አንተም እንደ ልማድህ፣ ዓይንህን ሳታርገበግብ፣ ያችኑ ትመልስልኛለህ። ያን ጊዜ ካርታዬን አልጥልም። ዳቦዬን ምንጣፉ ላይ አኑሬ፣ ልይ እልሃለሁ።

ገሠሠ
ከበድሩ ሻይ ቤት ጓሮ